የማኅበርተኞቹ ኪኒን

ዶክተር ዘርአ ዳዊት እርጅናን በሙያው ያጠናዋል፤ በግሉ ግን ዐይኑን ሊያየው አይፈልግም። ደብረ ብርሃን ውስጥ፣ አንድ ፎቅ ሦስተኛው ደርብ ላይ፣ «የደጋው ጤናማ እርጅና ምርምር ማዕከል» የሚል ሰሌዳ ከሰቀለ ዓመታት አልፈዋል። ስለ ሌላ ሰው እርጅና ሲናገር ያምርበታል። ጉልበት እንዴት እንደሚላላ፣ ጡንቻ እንዴት እንደሚሟሽሽ፣ የሰው ስም እንዴት ከአእምሮ እንደሚጠፋ ወረቀት ሳያይ ያብራራል። ጠዋት ጠዋት ደግሞ መስታወት ፊት ቆሞ ጠጉሩን ጥቁር ቀለም ይቀባል። ቀለሙ ጆሮው አካባቢ ሲደርስ ወደ ወይን ጠጅ ይሄድበታል። ሰው ሁሉ ያያል፣ ማንም አይናገርም፣ እሱም ማንም ያላየ ይመስለዋል።

አንድ የባጃጅ ሾፌር «አባባ፣ ትንሽ ጠጋ ይበሉልኝ» ያለው ዕለት ቢሮው ውስጥ ደፍሮ የሚያናግረው አልተገኘም። እሱ ራሱ ግን በሥራው የሚያገኛቸውን ሽማግሌዎች ሁሉ «አባባ» እያለ ነው የሚጠራቸው፤ በሦስት ዓመት የሚበልጡትንም፣ እኩያው የሆኑትንም። በተለይ እኩያው የሆኑትን።

የማዕከሉ ደንብ ሰው ስልሳ ዓመት ሲሞላው በክብር ይሸኝ ይላል። ዶክተሩ ስልሳ ሊሞላው የቀረው አንድ ዓመት እንኳ አልነበረም። ደንቡ ታዲያ አንዲት ቀዳዳ ነበረችው። ዳይሬክተሩ የጀመረው ጥናት ወደ ሁለተኛው ዙር እንዲያልፍ ገምጋሚው ቦርድ ከፈቀደ፣ ዙሩ እስኪያልቅ ድረስ ከወንበሩ አይነሣም። ሁለተኛው ዙር ደግሞ ረጅም ነው። ዶክተር ዘርአ ዳዊት በዚህች ቀዳዳ ለመሹለክ ቆርጦ ተነሥቷል። ለሳይንስ ስል ነው ይላል። ይሁንለት። እውነቱ ግን ጡረታ የሚለው ቃል ሲነሣ ወሬ ይለውጣል። በሥራ ቀን ጠዋት በረንዳ ላይ ተቀምጦ ፀሐይ የሚሞቅ ሰው መሆን፣ «ድሮ ዳይሬክተር የነበሩት» መባል፣ ስልኩ ሳይጠራ መዋል ከልቡ ያስፈራዋል። በሌላው ነገሩ ብንስቅም በዚህ ፍርሃቱ መሳቅ ደግ አይሆንም።

ጥናቱ የሚደረገው ከውጭ በመጣ ቢጫ ኪኒን ላይ ነው። ኪኒኑ እርጅናን ያዘገያል ተብሎ ተስፋ ተጥሎበታል። አይጦች ላይ ተሞክሮ፣ ያረጁ አይጦች እንደ ጎረምሳ መሯሯጥ ጀመሩ ተብሏል። ከአይጥ ቀጥሎ የአንኮበር ሽማግሌ ተመረጠ።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ሽማግሌዎቹ በዕጣ ለሁለት ይከፈላሉ። ግማሹ ኪኒኑን ይወስዳል፤ ግማሹ በመልኩም በመጠኑም ኪኒኑን የሚመስል፣ ከዱቄት የተሠራ ማስመሰያ ይወስዳል። ማን የትኛውን እንደሚወስድ ሽማግሌውም ሐኪሙም አያውቅም። መጀመሪያ ላይ የሁሉም አረማመድ፣ የእጃቸው ጥንካሬና ከወንበር አነሣሣቸው ይለካል፤ ከስድስት ወር በኋላ እንደገና ይለካል። የመድኃኒቱ ቡድን ከዱቄቱ ቡድን በልጦ ከተገኘ፣ ብልጫውም በአጋጣሚ የመጣ አለመሆኑን ስታትስቲክሱ ከመሰከረ፣ ኪኒኑ ሠራ ይባላል። ስታትስቲክሱን የምትሠራው ሔራን የምትባል ከአዲስ አበባ የመጣች ወጣት ናት። የደብረ ብርሃንን ውርጭ ስላልለመደችው ቢሮ ውስጥም የሱፍ ኮፍያዋን አታወልቅም።

አንኮበር ላይ የገጠማቸው ችግር ሜዳ ማግኘት ነበር። አገሩ ወይ ወደ ላይ ነው ወይ ወደ ታች። ዶክተሩ ዞሮ ዞሮ ያገኘው ለጥ ያለ መሬት የቀበሌውን ግቢ ብቻ ሆነ። እዚያ ሜትሩን ዘረጋ፣ ጠረጴዛ አስወጣ፣ ነጭ ጋወን የለበሱ ነርሶችን እስክሪብቶ አስይዞ ደረደረ። እዚያው ግቢ፣ እዚያው ዛፍ ሥር፣ በየዓመቱ የሴፍቲኔት ተረጂ ይመዘገባል። አቅመ ደካማ የሆነ ስሙ ይጻፋል፤ ጠንከር ያለው «አንተ ሠርተህ ብላ» ተብሎ ይመለሳል። ይህን አንኮበር ውስጥ የማያውቅ የለም። ዶክተሩ ግን የግቢውን ልክ እንጂ ሌላ ነገር አልጠየቀም።

ሽማግሌዎቹ በጠዋት ከጉሙ ውስጥ እየወጡ መጡ። አብዛኞቹ የመድኃኔ ዓለም ማኅበርተኞች ናቸው፤ በየወሩ በተራ እየደገሱ አብረው የሚጸልዩ፣ አብረው የሚበሉና የሚጠጡ። የማኅበሩ መሪ፣ እነሱ ሙሴ የሚሏቸው፣ አቶ ገብረ ጻድቅ ናቸው። አቶ ገብረ ጻድቅ ያን ዕለት በሁለት ከዘራ ተደግፈው ነበር የመጡት፤ አንዱ የራሳቸው፣ አንዱ ከጎረቤት የተዋሱት። እማማ እናናየሁ በግራና በቀኝ ሰው ይዟቸው ገቡ። ሜትሩ ላይ ሲራመዱ መሐል ላይ ቆመው ዐረፉ፣ እንደገና ተነሥተው እንደገና ዐረፉ። ሰዓት የያዘችው ነርስ ሰዓቱ የቆመ መስሏት ነቀነቀችው። የእጅ ጥንካሬ መለኪያውን ጨብጡት ሲባሉ በሁለት ጣት ያዝ አድርገው «አዬ ልጄ» ብለው መለሱላት።

ዶክተሩ ልቡ ተነካ። ደስም አለው። ባነበበው ጽሑፍ ሁሉ እንደዚህ ያረጀ ሕዝብ ገጥሞት እንደማያውቅ ለሔራን ነገራት፤ አነጋገሩ እንደ ምስጋና ነበር። ሔራን ቁጥሮቹን አየቻቸውና ሰዎቹ በዚህ አረማመዳቸው ከየተራራው ወርደው እዚህ በሰዓቱ እንዴት ሊደርሱ እንደቻሉ ጠየቀችው። ዶክተሩ መንደሩ ቅርብ ነው አላት። መንደሩ ቅርብ አልነበረም።

ከዚያ ደንቡ ስለሚያስገድድ ሁሉንም ነገር አስረዳቸው። ግማሾቻችሁ መድኃኒት ታገኛላችሁ፣ ግማሾቻችሁ መድኃኒት የሚመስል ነገር ታገኛላችሁ፤ የቱ ለማን እንደደረሰ ግን ማንም አያውቅም አላቸው። ሽማግሌዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። አቶ ገብረ ጻድቅ ይህን ያዘዘው ማን እንደሆነ ጠየቁ። ሳይንስ ነው ተባሉ። ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ስለ ሳይንስ ያዘኑ ይመስሉ ነበር። ከዚያ ሁሉም በየተራ ፈረሙና የተሰጣቸውን የኪኒን ብልቃጥ በነጠላቸው ጫፍ ቋጥረው ወደ ጉሙ ተመለሱ።

ስድስቱ ወር ዶክተሩን መልካም አድርጎ ያዘው። ከጥናቱ ከወጣ አንድ ሰው የተረፈ ብልቃጥ ቁም ሣጥን ውስጥ ነበር፤ እሱን ከፍቶ ጠዋት ጠዋት ከቁርስ ጋር አንዳንድ ይውጥ ጀመር። ይህ ክልክል ነው። ክልክል መሆኑን የሚያስተምረው ራሱ ነው። ብዙም ሳይቆይ ጉልበቱ እንደጠናለት፣ እንቅልፉ እንደተስተካከለ፣ ትዝታው እንደጠራ ተሰማው። ደረጃውን ሁለት ሁለት እየረገጠ መውጣት አመጣ። ሦስተኛው ደርብ ላይ ሲደርስ ታዲያ ትንፋሹ እስኪመለስለት ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን ያለፈ ዓመት ማስታወቂያ ቆሞ ያነብ ነበር። የማዕከሉ ሠራተኞች ማስታወቂያውን ለምን እንደወደደው ግራ ገባቸው።

ሁለተኛው ልኬት የተደረገው መኸሩ ከገባ በኋላ ነው። ሽማግሌዎቹ እስከዚያ ድረስ ከዚያ ሁሉ ምዝገባ አንድ ቁና ስንዴ እንዳልመጣ አይተዋል። ቀኑም ታች ቆላ አልዩ አምባ ገበያ የሚቆምበት ቀን ነበር። እናም ቶሎ ተለክተው ቶሎ ሊሄዱ ቸኩለው መጡ። አቶ ገብረ ጻድቅ ያለ ከዘራ ነበሩ። እማማ እናናየሁ ሜትሩን ጨርሰው አላበቁም፤ ቀጥ ብለው በግቢው በር ወጡ፣ ነርሷ ሮጣ ከመንገድ መለሰቻቸው። የእጅ መለኪያውን ሲጨብጡት መርፌው ጥግ ደርሶ እዚያው ቀረ። ያ መሣሪያ እስከ ዛሬ በትክክል አይሠራም።

ዶክተሩ ዐይኑ እንባ አቀረረ። ሁለተኛው ዙር ታየው፣ ወንበሩ ታየው፣ ንግግር የሚያደርግበት የውጭ አገር አዳራሽ ታየው። ወደ ደብረ ብርሃን ሲመለስ መንገዱን ሙሉ ለሾፌሩ ስለ አይጦቹ አወራለት።

ሔራን ማን የትኛውን እንደወሰደ የሚያሳየውን ምስጢራዊ የዕጣ ቁልፍ ከፍታ ሥሌቱን የሠራች ዕለት ቢሮው ገብታ በሩን ዘጋች። የመድኃኒቱ ቡድን በእጅጉ ተሻሽሏል አለችው። ዶክተሩ ብድግ አለ። የዱቄቱም ቡድን ልክ ያንኑ ያህል ተሻሽሏል አለችው። ዶክተሩ ቁጭ አለ። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት በሣንቲም ውርወራ ከሚገኘው አይበልጥም። ዶክተሩ ከጥናቱ የወጣው የዚያ ሰውዬ ብልቃጥ የቱ እንደነበር፣ ነገሩ ምንም እንዳልሆነ ሁሉ፣ ጠየቃት። ዱቄት ነው አለችው። ጉልበቱን ዳሰስ አደረገ። እንግዲህ ተፈጥሮዬ ጠንካራ ነው ማለት ነው ብሎ ለራሱ ነገረው።

በማግስቱ ሔራን ምክንያቱን ለማወቅ አንኮበር ሄደች። አቶ ገብረ ጻድቅ ምንም አልደበቋትም፤ የሚደበቅ ነገር አለ ብለውም አላሰቡም። ግማሹ መድኃኒት ግማሹ ዱቄት ሲባሉ አዝነው ነው ከግቢው የወጡት። አብሮ ማዕድ የቆረሰ ሰው አንዱ መድኃኒት እየዋጠ አንዱ ዱቄት እየዋጠ ሊተያይ? በማኅበራቸው እንዲህ ያለ ነገር አልተደረገም። ስለዚህ በወሩ የመድኃኔ ዓለም ዕለት ብልቃጡን ሁሉ አስመጥተው አንድ ሰፌድ ላይ ዘረገፉት፣ በእጃቸው አማሱት፣ ባርከው ለሁሉም እኩል አደሉት። ለታመመች አንዲት ጎረቤትም ደርሷታል። ለበዓሉ የመጡ እንግዶችም ባዶ እጃቸውን አልሄዱም። ከዚያ ወዲያ በየወሩ እንደዚያው ሆነ።

ሔራን ይህን ስትነግረው ዶክተሩ ይቆጣል ብላ ጠብቃ ነበር። ዶክተሩ ግን ፊቱ ፈካ።

«አየሽ?» አለ። «ልዩነቱ የጠፋው ለዚህ ነዋ! መድኃኒቱን ሁሉም ወስዶታል፤ ሁሉም ተሻሻለ። ኪኒኑ ሠርቷል ማለት ነው።»

«ዶክተር፣ ሁሉም ወስዶታል ማለት የምናነጻጽርበት የለም ማለት ነው» አለች ሔራን። «ምን እንዳሻሻላቸው ልናውቅ አንችልም። መጀመሪያውኑ ያን ያህል ደክመው እንደነበርም እጠራጠራለሁ። እማማ እናናየሁን ትናንት መንገድ ላይ አግኝቻቸዋለሁ፤ ከአልዩ አምባ ጨው ተሸክመው ሲወጡ። እኔ ባዶ እጄን አልደረስኩባቸውም።»

«ኪኒኑ ነዋ» አለ ዶክተሩ።

ሲያስረዳት ረጋ ብሎ ነበር፤ ለሕፃን እንደሚያስረዳ። የዱቄት ቡድን የሚለውን ከሠንጠረዡ አውጥታ ሁሉንም መድኃኒቱን የወሰደ ትላለች። የፊቱን ከኋላው ጋር ብቻ ታነጻጽራለች። ቁጥሩ ያማረ ነው፣ ቦርዱ ያማረ ቁጥር ይወዳል። ሔራን ሁለቱንም ሠንጠረዥ እሠራለሁ አለችው። ዶክተሩ ቦርዱ የሚያየው እኔ የፈረምኩበትን ነው አላት። ሔራን ኮፍያዋን እስከ ቅንድቧ ስባ ወጣች። እንዲህ ያለውን ሠንጠረዥ የሠራ ተማሪ አንድ ጊዜ እሱ ባረመው ፈተና እንደወደቀ ዶክተሩ ራሱ ያስታውሳል፤ ያ ግን ተማሪ ነበር።

የቦርዱ መልስ ቶሎ መጣ። ውጤቱ እጅግ አስደናቂ ስለሆነ በዐይናችን ልናየው እንፈልጋለን፤ ሰብሳቢዋ ዶክተር ፀደንያ አንኮበር ድረስ መጥታ ሽማግሌዎቹ ሲራመዱ ትመለከታለች ይላል። ፀደንያ የእሱ ተማሪ ነበረች። ስለ ጠጉሩ ቀለም ተማሪ ሳለችም ታውቅ ነበር።

ዶክተሩ ቀድሞ ብቻውን አንኮበር ሄደና ከአቶ ገብረ ጻድቅ ቤት ደጃፍ መደብ ላይ ተቀመጠ። ከፊታቸው መሬቱ ይቆረጥና ጉሙ ከቆላው ይነሣል። ዶክተሩ ስለ ሳይንስ ሊናገር ጀመረ፤ አልሆነለትም። ከዚያ ለሚስቱ እንኳ ያልነገረውን ለኚህ ሽማግሌ ነገራቸው። ሊያሰናብቱኝ ነው አለ። ቦርዱ መጥቶ አይቶ ካልፈቀደ ጡረታ ሊያወጡኝ ነው።

አቶ ገብረ ጻድቅ ጡረታ ምን እንደሆነ ያውቃሉ። ሰው ሥራ አይችልም ተብሎ ሲወጣ ነው። ዘወር ብለው ዶክተሩን ከላይ እስከ ታች አዩትና ጧሪ ልጅ አለው እንደሆነ ጠየቁት።

«ልጆችስ አሉኝ» አለ ዶክተሩ። «መጦር ግን ምን አመጣው? እኔ እኮ ገና ነኝ።»

«እንደሱማ ሁላችንም ገና ነን» አሉ አቶ ገብረ ጻድቅ። «አይዞዎት ወንድሜ።»

ወንድሜ መባሉ ከነከነው። ሌላ ቀን ቢሆን ኖሮ ይቆጣ ነበር። ያን ዕለት ግን እርዱኝ ብሎ ነው የመጣው። ቦርዱ እናንተን አይቶ ነው የሚወስነው አላቸው፤ ሁላችሁም ኑልኝ። ምን እንዲያደርጉ ግን አልነገራቸውም። የጥናት ተሳታፊን እንዲህ ሁን ብሎ ማሠልጠን ነውር ነው፤ ዶክተር ዘርአ ዳዊት ደግሞ ሕግ አክባሪ ነው። ከዚያ ሁሉ ሕግ መካከል ያከበራት ይህችን ብቻ ነበር።

«ግድ የለዎትም» አሉ አቶ ገብረ ጻድቅ። «ለምደነዋል፣ እናውቅበታለን። ማኅበሩን እኔ አስተባብራለሁ።»

ቀኑ ደረሰ። ዶክተር ፀደንያ በሰዓቷ መጣች፤ ሞቅ ያለ ጃኬት የለበሰች፣ ንግግሯ ቁጥብ፣ የድሮ መምህሯን ጎንበስ ብላ የምትጨብጥ። ሔራንም ላፕቶፗን ይዛ ከጎኗ ተቀመጠች። ዶክተሩ አዲስ ክራቫት አድርጓል፤ ጠጉሩንም በዋዜማው ቀብቶታል። ሜትሩ ተዘረጋ። ዶክተሩ እጁን አንሥቶ «ይግቡ» አለ።

መጀመሪያ የገባው ቃሬዛ ነው። አራት ሰዎች የተሸከሙት፣ ጋቢ የተደረበበት፣ ውስጡ ወልደተንሣኤ የሚባሉ ማኅበርተኛ ዐይናቸውን ጨፍነው የሚያቃስቱበት ቃሬዛ። ከኋላው አቶ ገብረ ጻድቅ በሁለት ከዘራ። ከሳቸው ኋላ እማማ እናናየሁ፤ በዚህኛው ቀን ሁለት ሰው አልበቃቸውም፣ ሦስተኛ ከኋላ ይገፋቸዋል። ሌሎቹም እየተንፏቀቁ፣ እየሳሉ፣ ወገባቸውን ይዘው ግቢውን ሞሉት። እንዲህ ያለ ሰልፍ አንኮበር ላይ ታይቶ አይታወቅም። የቀበሌው ዘበኛ ነፍሳቸው እዚያው ግቢ ውስጥ የምትወጣ መስሎት ካህን ልጥራ ወይ ብሎ ጠየቀ።

ዶክተሩ ያነሣውን እጁን ማውረድ ረሳ።

ፀደንያ እማማ እናናየሁ ሜትሩን እስኪጨርሱ በትዕግሥት ጠበቀች። ብዙ ጠበቀች። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ከነዚህ መካከል መድኃኒቱን የወሰዱት የትኞቹ ናቸው?» አለችው።

ሪፖርቱ ላይ ፈርሞበታልና መሸሻ አልነበረውም። «ሁሉም» አለ ዶክተሩ።

«ሁሉም» አለች ፀደንያ፤ ቃሬዛውን አየችና ጻፈች።

ያን ጊዜ ዶክተሩ ነገሩ ከእጁ ሲወጣ ታወቀው። ሁለተኛው ዙር፣ ወንበሩ፣ ስልኩ፣ ሁሉም ሜትሩ ላይ እየተንፏቀቀ ሲሄድ አየ። መቼም ትዕግሥት አልፈጠረበትም። ዘልሎ ሜዳው መሐል ገባና አቶ ገብረ ጻድቅን ከዘራቸውን ይዞ ጮኸባቸው። ያኔ እንደ ፈረስ ስትጋልቡ አልነበረም ወይ፤ ዛሬ ምን ሆናችሁ፤ እኔን ልታዋርዱኝ ነው ወይ የመጣችሁት አለ። ድምፁ ከገደሉ ተመልሶ መጣ። እማማ እናናየሁ ደንግጠው ማቃሰታቸውን ተዉ። ወልደተንሣኤ ቃሬዛው ላይ ቀና ብለው ተቀመጡ።

አቶ ገብረ ጻድቅ አልተቆጡም። ግራ ነው የገባቸው። እንግዳይቱ እንዳትሰማ ብለው ጠጋ አሉት፤ ግን ጆሯቸው ደከም ስላለ የሚያንሾካሹኩት ሁልጊዜ ለመንደሩ ሁሉ ነው።

«ለእርስዎ ብለን እኮ ነው ወንድሜ» አሉ። «በመጀመሪያው ቀን እንዲህ ሆነን ብንመጣ አይደለም ወይ የመዘገቡን? ጤነኛማ ማን ይመዘግባል? ዛሬም ሴትዮዋ አዝና እርስዎን እንድትመዘግብልን ብለን ነው። እናናየሁ እኮ ለራሷ እንኳ እንደዛሬው አልተንፏቀቀችም።»

ፀደንያ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። ወደ ሔራን ዞራ የመጀመሪያው ቀን ልኬት እንግዲህ ምንድን ነው ስትል ጠየቀቻት። ሔራን ትንሽ አመነታች፤ ዶክተሩን አየችው፣ እሱም አያት፣ ዐይኑ ይለምናት ነበር። አሳዘናት። ሆኖም «ልኬት አይደለም» አለች።

ፀደንያ ወደ ዶክተሩ ስትቀርብ ድምፅዋ ውስጥ ፌዝ አልነበረም፤ ፌዝ ቢኖር ይሻለው ነበር። የመነሻ ቁጥሩ የተበላሸ ጥናት የሚጣል እንጂ የሚጠገን አይደለም ብሎ ያስተማራት እሱ መሆኑን፣ ይህንንም በቦርዱ ሪፖርት ላይ በስሙ እንደምትጠቅሰው ነገረችው። ስለ ወንበርዎ ነገር ማዕከሉ ራሱ ደብዳቤ ይጽፍልዎታል አለችው። መኪናዋ ውስጥ ገብታም በመስኮቱ እጅ ነሣችው። መኪናዋ ዳገቱን ይዛ ስትሄድ ሔራን ሜትሩን መጠቅለል ጀመረች።

መኪናዋ ከዕይታ እስክትሰወር ሽማግሌዎቹ ካሉበት አልተነቃነቁም፤ ከዚያ ሁሉም አንድ ላይ ቀጥ አሉ። ወልደተንሣኤ ከቃሬዛው ወርደው ጋቢያቸውን አጣጠፉ። እማማ እናናየሁ ደጋፊዎቻቸውን አሰናብተው በፈጣን እርምጃ ግቢውን አቋርጠው መጡ። ዶክተሩን ከበቡት። ክራቫቱ ተጣሟል፤ ላቡ ከጆሮው ሥር ቀለሙን ይዞ ወደ ኮሌታው እየወረደ ነው። በሜዳው ላይ ካሉት ሁሉ እውነተኛ ሽማግሌ የሚመስለው እሱ ብቻ ነበር። ደግሞም በዚህች ምድር ላይ ለእሱ ብሎ ይህን ያህል የለፋ ሰው ኖሮ አያውቅም፤ ይህንን ያን ጊዜ ነው ያወቀው።

አቶ ገብረ ጻድቅ ክንዱን ያዙ። ሁሉም መልሱን ይጠብቁ ነበር፤ ፊታቸው ላይ ስጋት አለ።

«እንዴት ሆነ ወንድሜ?» አሉት። «መዘገበችዎ?»

ዶክተር ዘርአ ዳዊት አንድ በአንድ አያቸው።

«መዘገበችኝ» አለ።

ሽማግሌዎቹ እፎይ አሉ። እማማ እናናየሁ እልል ሊሉ ቃጣቸውና ሴትዮዋ ከሩቅ እንዳትሰማ ብለው ተዉት። ሁሉም ባርኔጣቸውን አወለቁ፣ ሙሴያቸውም እጃቸውን ወደ ሰማይ ዘርግተው፣ ለልጅም ለአዛውንትም የሚመርቁትን ምርቃት መረቁት።

«እግዜር ዕድሜ ይስጥዎ» አሉ። «እንደኛ ያስረጅዎ።»

ዶክተሩ ራሱን ዝቅ አድርጎ አሜን አለ።